በአዋጅ የተከለከሉ ጨዋታዎች፦ የመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ተራ ሰው በምን ይዝናና ነበር?

በ1314 የለንደን ከንቲባ ኒኮላስ ደ ፋርንዶን በንጉሥ ኤድዋርድ 2ኛ ስም አንድ አዋጅ አስነገረ። አዋጁ ሰዎች ትልልቅ ኳሶችን ተከትለው በሚያደርጉት ግፊያና ትርምስ በከተማዋ ውስጥ ከፍተኛ ሁከት መፈጠሩን፣ ከዚህም እግዚአብሔር የማይወደው ብዙ ክፋት ሊመጣ እንደሚችል ከገለጸ በኋላ፣ ከእንግዲህ በከተማዋ ክልል ይህን ጨዋታ ሲጫወት የተገኘ ሰው እስር ቤት እንደሚገባ ያስጠነቅቃል። ንጉሡ በዚያ ሰሞን ወደ ስኮትላንድ ለመዝመት በመሰናዳት ላይ ስለነበረ፣ እሱ በሌለበት መናገሻ ከተማው ጸጥ ብላ እንድትቆይለት ይፈልግ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

ይህ አዋጅ ስለ እንግሊዝ እግር ኳስ ከሚናገሩ ጥንታዊ ሰነዶች አንዱ ነው። የጨዋታው ቀደምት ምስክር ከልካዩ መሆኑ ድንገተኛ ነገር አይደለም። በዚያ ዘመን አብዛኛው ገበሬ፣ የእጅ ጥበበኛና የቀን ሠራተኛ መጻፍ አይችልም፤ ቢችልም እሁድ ከሰዓት በኋላ ስለተጫወተው ጨዋታ ብራና የሚያበላሽበት ምክንያት የለውም። መጻፍ የሚችሉት ቄሶች፣ ዳኞችና የንጉሥ ጸሐፊዎች ደግሞ የተራውን ሰው ጨዋታ የሚያነሡት ሲረብሻቸው፣ ሰው ሲሞትበት ወይም ሊቀጡበት ሲፈልጉ ብቻ ነበር። ስለዚህ የዛሬ አጥኚ ሦስት ዓይነት ማስረጃ ይዞ ይሠራል፤ የክልከላ አዋጆችን፣ የሞት ምርመራ መዝገቦችን፣ እንዲሁም ከወንዝ ጭቃና ከድንጋይ ወንበር ላይ የተገኙ ቁሳቁሶችን። አዋጆቹን ለማንበብ አንድ ቀላል ዘዴ አለ። አንድ ክልከላ በየሃያና በየሠላሳ ዓመቱ እየታደሰ የሚወጣ ከሆነ፣ ሕዝቡ ጨዋታውን አልተወም ማለት ነው፤ በአዋጁ ውስጥ የተዘረዘሩት የጨዋታ ስሞችም በዚያን ጊዜ በየሜዳው ምን ይደረግ እንደነበረ የሚያሳዩ ዝርዝሮች ይሆናሉ።

መቼ ይጫወቱ ነበር የሚለው ጥያቄ አስቀድሞ መመለስ አለበት፤ ምክንያቱም የመካከለኛው ዘመን ገበሬ ከንጋት እስከ ምሽት ያለ እረፍት ሲለፋ ብቻ የሚኖር ፍጡር ተደርጎ ይሳላል። ሥራው ከባድ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ከእሁድ ሌላ ሥራ የሚከለከልባቸው የቅዱሳን በዓላት ነበሩ፤ ቁጥራቸው ከሀገረ ስብከት ሀገረ ስብከት ቢለያይም በብዙ ቦታ በዓመት ከ40 እስከ 50 ይደርሳሉ። በእነዚህ ቀናት ሰው ቅዳሴ ያስቀድሳል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ የራሱ ነው። ቦታውም ብዙ ጊዜ እዚያው ነው፤ የእርሻው መሬት በሰብል ተይዞ፣ ግጦሹም ለከብት ተለይቶ ሳለ፣ በመንደሩ መካከል ለሁሉም ክፍት የሆነው ሜዳ የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ነበር። በመሆኑም ሰዎች መቃብር በሞላበት ግቢ ውስጥ ይታገሉ፣ ይጨፍሩ፣ ኳስ ይመቱ ነበር። በ1287 በኤክሰተር የተደረገው የቤተ ክህነት ጉባኤ በመቃብር ግቢ መታገልንና መጨፈርን የከለከለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሌሎች ጳጳሳትም በየዘመናቸው ይህንኑ ደጋግመዋል።

የዓመቱ ትልቁ የጨዋታ ቀን ግን የዐቢይ ጾም ቅበላ ነበር። ከነገ ጀምሮ ሥጋና ቅቤ አይቀመስም፤ ስለዚህ ዛሬ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይሮጣል። የሊቀ ጳጳሱ የቶማስ ቤኬት አገልጋይ የነበረው ዊልያም ፊትዝስቲቨን በ1170ዎቹ ስለ ለንደን በጻፈው መግለጫ፣ በቅበላው ማክሰኞ ጠዋት የትምህርት ቤት ልጆች አውራ ዶሮዎቻቸውን ወደ መምህራቸው እያመጡ እንደሚያዋጉ፣ ከምሳ በኋላ ደግሞ የከተማዋ ወጣት ሁሉ ወደ ሜዳ ወጥቶ ኳስ እንደሚጫወት ይተርካል። የየትምህርት ቤቱ ተማሪዎች የራሳቸው ኳስ አላቸው፤ የየሙያው ሠራተኞችም እንዲሁ። አባቶችና ባለጸጎች በፈረስ ሆነው ያያሉ፤ ሲያዩም የራሳቸው ወጣትነት ይቀሰቀስባቸዋል ይላል። ከብዙ የክስ መዝገብና የክልከላ አዋጅ መካከል፣ ጨዋታን በደስታ ዓይን አይቶ የጻፈ ሰው ማግኘት ብርቅ ስለሆነ ይህን ጸሐፊ እንደ ውድ ምስክር እቆጥረዋለሁ።

የኳሱን ጨዋታ ከዛሬው እግር ኳስ ጋር የሚያገናኘው ከስሙ ያለፈ ነገር ብዙ አይደለም። የተጫዋች ቁጥር ገደብ አልነበረውም፤ አንድ መንደር ሌላውን፣ ወይም ባለትዳሮች ላጤዎችን ይገጥማሉ። ኳሱ በኅዳር ወር ከሚታረደው አሳማ የተወሰደ ፊኛ ሊሆን ይችላል፤ ተነፍቶ፣ አንዳንዴም ደረቅ አተር ተጨምሮበት ይታሰራል፤ ጠንከር ያለው ደግሞ ቆዳ ይለብሳል። ጎሉ የወንዝ ዳርቻ፣ የወፍጮ ቤት ወይም የደብር በር ሊሆን ስለሚችል ጨዋታው ማሳ አቋርጦ፣ ጅረት ተሻግሮ፣ አጥር ጥሶ ይሄዳል። ኳሱን በእጅ መያዝ፣ ይዞ መሮጥ፣ ተቃራኒውን ጥሎ መቀማት ሁሉ ይፈቀዳል። በፈረንሳይ ምድር በኖርማንዲ፣ በብሪታኒና በፒካርዲ ሱል የሚባለው ጨዋታ ከዚህ ብዙ አይለይም፤ በአንዳንድ ቦታ በእግር ሳይሆን በቆልማማ ዱላ ይጫወቱታል። የእኛን ገና የሚያውቅ ሰው ነገሩን ወዲያው ይረዳዋል፤ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» እንደሚባለው፣ በዚያም ቢሆን በቀረው ዓመት ቀና ብሎ የማያየውን ባለርስት ገፍቶ ጭቃ ላይ የሚጥልበት ዕድል ያለው ሎሌ ጥቂት አልነበረም። የፈረንሳዩ ንጉሥ ፊሊፕ 5ኛ በ1319 ሱልን ከልክሏል፤ ሕዝቡ ግን ከዚያ በኋላ ለብዙ መቶ ዓመታት ተጫውቶታል።

አደጋውን በቅርበት የሚያሳዩት የሞት መዝገቦች ናቸው። በ1280 በኖርዘምበርላንድ በኡልጋም መንደር፣ ሄንሪ የተባለ የዊልያም ደ ኤሊንግተን ልጅ ኳስ ሲጫወት ከዴቪድ ለ ኩ ጋር ተጋጭቶ፣ ዴቪድ በወገቡ የታጠቀው ቢላ ሆዱን ወግቶት ሞተ። በ1321 ደግሞ የሮማው ፓፓ ዮሐንስ 22ኛ በኖርፎክ የሹልዳም ገዳም ካህን ለነበረው ለዊልያም ደ ስፖልዲንግ የምሕረት ደብዳቤ ጻፈለት። ካህኑ ኳስ ሲመታ፣ ስሙ እንደሱ ዊልያም የሆነ ወዳጁ ሮጦ ይጋጨዋል፤ በካህኑ ወገብ በሰገባው ውስጥ የነበረው ቢላ ሰገባውን አልፎ ይወጋዋል፤ ሰውየውም በስድስት ቀን ውስጥ ይሞታል። ካህኑ ደም በማፍሰስ ተጠርጥሮ ከአገልግሎቱ እንዳይታገድ ፓፓው ነጻ አደረገው። ሁለቱ አደጋዎች በአርባ ዓመት ተለያይተው መመሳሰላቸው ምክንያት አለው። በዚያ ዘመን ማንኛውም ሰው የሚበላበትን፣ ገመድና ዳቦ የሚቆርጥበትን ቢላ በቀበቶው ይዞ ይውላል፤ ለጨዋታ ሲወጣ አውልቆ የማስቀመጥ ልማድ ያልነበረው ይመስላል። ሌላም ነገር እናያለን፦ ካህን ከምእመን ጋር ኳስ መጫወቱ ራሱ ለፓፓው ጸሐፊዎች እንደ ጥፋት አልታያቸውም።

በክረምት ጨዋታው ወደ በረዶ ይዞር ነበር። ፊትዝስቲቨን እንደሚተርከው በለንደን ቅጥር ሰሜናዊ ወገን የነበረው ረግረግ ሲጋገር ወጣቱ ሁሉ ይወጣል። አንዳንዱ ተንደርድሮ በጎኑ ይንሸራተታል፤ ሌላው ትልቅ የበረዶ ቁራጭ ላይ ተቀምጦ በጓደኞቹ ይጎተታል። የተካኑት ደግሞ የእንስሳ ቅልጥም ከእግራቸው ሥር ያስራሉ፤ ጫፉ ብረት የለበሰ ዘንግ በእጃቸው ይይዛሉ፤ በረዶውን በዘንጉ እየወጉ እንደ ወፍ ይበርራሉ። ሁለቱ ከሩቅ ተቀጣጥረው ይመጡና በዘንግ ይማታሉ፤ አንዱ ወይም ሁለቱም ይወድቃሉ፤ እጅ ወይም እግር መሰበሩም የተለመደ ነው። እነዚህ የአጥንት መንሸራተቻዎች በዚያው በለንደን ሙርፊልድስ አካባቢ በቁፋሮ ተገኝተዋል። ለመንሸራተት የሚሆነው የፈረስ ወይም የከብት የታችኛው እግር አጥንት ሲሆን፣ አንድ ወገኑ ተሞርዶ ይለሰልሳል። ዛሬ እንደምናውቀው የብረት ስለት እንዳለው ጫማ በረዶውን እየቆነጠጠ በእግር መግፋት አያስችልም፤ ተንሸራታቹ እግሩን አጋጥሞ ይቆማል፣ የሚነዳው ዘንጉ ነው። ወጪው ደግሞ ምንም ነው፤ አጥንቱ ከሥጋ ሻጭ ደጅ ይነሣል።

በፋሲካ ሰሞን በቴምዝ ወንዝ ላይ የሚደረገው የጀልባ ግጥሚያ ከዚህ ይበልጥ ተመልካች ይስባል። በወንዙ መካከል በተተከለ ምሰሶ ላይ ጋሻ ይታሰራል፤ ወጣቱ በጀልባ አፍንጫ ላይ ጦር ይዞ ይቆማል፤ ጀልባው በቀዛፊና በወንዙ ጉልበት ይነዳል። ጋሻውን መትቶ ጦሩን ከሰበረና ሳይወድቅ ከቆመ አሸነፈ፤ ጦሩ ካልተሰበረ ግን ግጭቱ ራሱን ወደ ውኃው ይወረውረዋል። የወደቀውን የሚያወጡ ሁለት ጀልባዎች በአቅራቢያ ይቆማሉ፤ በድልድዩና በዳርቻው ያለው ሕዝብም ይስቃል። የባላባቱን የፈረስ ላይ ጦር ግጥሚያ ፈረስና ጥሩር መግዛት የማይችለው ወጣት በጀልባ ሲቀልደው ነው።

ገዢዎች ሕዝብ ለጨዋታ ሲሰበሰብ የሚፈሩት ግን ሣቁን አልነበረም። በ1222 በቅዱስ ያዕቆብ በዓል ዕለት የለንደን ወጣቶችና ከከተማዋ ውጭ ያሉ ሰዎች በትግል ተጋጠሙ፤ ለንደኖች አሸነፉ። የዌስትሚኒስተር ገዳም መጋቢ በሽንፈቱ ተናድዶ ከሳምንት በኋላ ሌላ ትግል ጠራ፤ አሸናፊው በግ ይሸለማል ተባለ። በግ በእንግሊዝ የትግል ሽልማት ሆኖ የኖረ ነው። ለንደኖች ባዶ እጃቸውን ሲመጡ መጋቢው ያሰለፋቸው የታጠቁ ሰዎች ወረዱባቸው፤ ቆስለውና ተባርረው ወደ ከተማዋ ተመለሱ። ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ጨዋታ አይባልም፤ የከተማዋ ሕዝብ የገዳሙን ሹም ቤቶች ሊያፈርስ ወጣ፣ ኮንስታንቲን የተባለ የከተማዋ ታዋቂ ሰው መሪው ሆነ፣ የፈረንሳይን መስፍን ስም እየጠራ አመፀ ተባለ፣ ዋናው የንጉሥ እንደራሴ ሂዩበርት ደ በርግም ያለ ፍርድ ሰቀለው። ለንደን ከባድ ቅጣት ከፈለች። ከስድስት ዓመት በፊት የፈረንሳይ መስፍን ለንደንን ይዞ የነበረ መሆኑን ስናስታውስ፣ አንድ የበግ ሽልማት ያለው ትግል መንግሥትን ለምን እንዳስደነገጠ ይገባናል። በ1314 የወጣውን አዋጅም ያስወጣው ስጋት ከዚሁ የተለየ አልነበረም።

በ14ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ግን የክልከላው ምክንያት ተለወጠ፤ የጉዳዩ ውስብስብነት የሚጀምረውም ከዚህ ነው። እንግሊዝ በ1346 በክሬሲ የፈረንሳይን ጦር ያሸነፈችው በባለረጅም ቀስት እግረኞቿ ነው። እነዚህ ቀስተኞች መሳፍንት ሳይሆኑ የገበሬና የጥበበኛ ልጆች ነበሩ። ረጅሙ ቀስት ደግሞ እንደ መስቀለኛው ቀስት በጥቂት ሳምንት የሚለመድ መሣሪያ አይደለም። በ1545 ከሰጠመችው ሜሪ ሮዝ ከተባለችው የጦር መርከብ ከ130 በላይ ያልተሰበሩ ቀስቶች ተገኝተዋል፤ እነሱን ለመወጠር ከ45 እስከ 80 ኪሎ ግራም ክብደት የመሳብ ያህል ጉልበት ይጠይቁ እንደነበረ ተገምቷል። ይህን ደጋግሞ የሚስብ ትከሻና ጀርባ የሚሠራው ከልጅነት ጀምሮ በየሳምንቱ በሚደረግ ልምምድ ነው። ለልምምዱ የሚሆን ትርፍ ሰዓት ያለው ደግሞ በእሁድና በበዓል ቀን ብቻ ነው፤ በዚያው ሰዓት ወጣቱ ኳስ ይጫወታል። ስለዚህ ኤድዋርድ 3ኛ በ1363 ለየአውራጃው ሹማምንት በላከው ትእዛዝ፣ ጤነኛ የሆነ ሰው ሁሉ በበዓል ቀን ቀስት እንዲለማመድ፣ ድንጋይ፣ እንጨትና ብረት ከመወርወር፣ ከእጅ ኳስ፣ ከእግር ኳስ፣ ከዱላ ኳስና ከዶሮ ማዋጋት እንዲታቀብ አዘዘ፤ የማይታዘዝ ይታሰራል።

ከዚህ በስተጀርባ ሁለተኛ ምክንያትም ነበር። ከ1348 ጀምሮ የገባው ታላቁ ወረርሽኝ ከእንግሊዝ ሕዝብ ሢሶውን፣ ምናልባትም ግማሹን ጨረሰ። የተረፈው ሠራተኛ ተፈላጊ ሆነ፤ ከፍ ያለ ደመወዝ ጠየቀ፣ ካልተመቸው ጌታውን ትቶ ሄደ። የ1351 ሕግ ደመወዝን በቀድሞው ልክ ለመገደብ ሞከረ። ሪቻርድ 2ኛ በ1388 ያወጣው ሕግም ሠራተኞች ያለ ማስረጃ ወረቀት ከቦታ ቦታ እንዳይዘዋወሩ በሚከለክለው በዚያው ሰነድ ውስጥ፣ አገልጋዮችና የቀን ሠራተኞች ቀስትና ፍላጻ ገዝተው በእሁድና በበዓል እንዲለማመዱ፣ የእጅና የእግር ኳስን፣ ዳይስን (ባለስድስት ፊት የቁማር ጠጠር) እና ድንጋይ መወርወርን እንዲተዉ ያዝዛል። የሰው ኃይል ባጠረበት አገር የሠራተኛው እግርም፣ ደመወዙም፣ እሁዱም በአንድ ሕግ ተያዙ። ጨዋታን የከለከለው ሃይማኖታዊ ጭፍንነት ነው የሚለው የተለመደ አስተሳሰብ እዚህ ላይ አያስኬድም፤ ሰባኪዎች ቢያወግዙም፣ አሥራት የሚቆጥረው ደብር ራሱ በበዓል ቀን ጠላ ጠምቆ እየሸጠ ሕዝቡ እንዲጫወት ይጠራ ነበር።

ስኮትላንድም ከዚሁ መንገድ አልወጣችም። ጀምስ 1ኛ በ1424 ማንም እግር ኳስ እንዳይጫወት፣ ቢጫወት አራት ፔንስ እንዲቀጣ ደነገገ። በ1457 ጎልፍ ተጨመረበት፤ በ1471ና በ1491 ክልከላው ታደሰ። ይህን የመጨረሻውን ያወጣው ጀምስ 4ኛ ግን በ1502 በፐርዝ ከተማ የጎልፍ ዱላዎች መግዛቱ በግምጃ ቤቱ መዝገብ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ዱላዎቹን የሠራለት ሰው ቀስት ሠሪ ነበር። የ1424ቱ ሕግ በወጉ የተሻረው በ1906 ሲሆን፣ ያኔ የስኮትላንድ ብሔራዊ ቡድን ከእንግሊዝ ጋር መጋጠም ከጀመረ 34 ዓመት ሆኖታል።

ወደ ቤት ውስጥ ስንገባ ዳይስ ከሁሉም ቀድሞ ይመጣል። ስድስት ፊት ያለው ትንሽ የአጥንት ጠጠር በማንኛውም ኪስ ይገባል፤ መጠጥ ቤትም በየመንደሩ አለ። የፈረንሳዩ ሉዊ 9ኛ በ1254 ባወጣው ድንጋጌ ሹማምንቱ ዳይስ እንዳይጫወቱ ብቻ ሳይሆን፣ በግዛቱ ውስጥ ዳይስ እንዳይሠራ ጭምር ከልክሏል። ማጭበርበሩ ምን ያህል የረቀቀ እንደነበረ ከቴምዝ ጭቃ የወጣ አንድ የ15ኛው ክፍለ ዘመን ዕቃ ያሳየናል። ከቆርቆሮ ቅይጥ በተሠራ ትንሽ ማሰሮ ውስጥ 24 ደቃቅ ዳይሶች ተገኙ። በኤክስሬይ ሲታዩ 18ቱ በውስጣቸው የሜርኩሪ ጠብታ ተደርጎባቸዋል፤ ክብደቱ ወደ አንድ ወገን ስለሚያዘነብል ከፊሎቹ ከፍተኛ፣ ከፊሎቹ ዝቅተኛ ቁጥር ይዘው ይቆማሉ። የቀሩት ስድስቱ ክብደት አያስፈልጋቸውም፤ ሦስቱ 1፣ 2፣ 3ን ብቻ ሁለት ሁለት ጊዜ፣ ሦስቱ ደግሞ 4፣ 5፣ 6ን ብቻ እንዲሁ ተቀርጾባቸዋል። ከአንድ ወገን ሆኖ የሚያይ ሰው የዳይስን ሦስት ፊት ብቻ ስለሚያይ፣ ነገሩን የሚያውቀው እጁ ውስጥ ሲያገላብጠው ነው። ባለቤቱ ማሰሮውን ወደ ወንዙ የጣለው ሲያሳድዱት ይሁን በሌላ ምክንያት አይታወቅም፤ እኔ ግን ማሳደዱን አስባለሁ።

የመጫወቻ ካርታ የመጣው ዘግይቶ ነው። የማምሉክ ሱልጣኖች ይገዟት ከነበረችው ከግብጽ በንግድ መንገድ ወደ ጣሊያንና ስፔን ወደቦች ሳይገባ አልቀረም፤ በ1377 ፍሎረንስ «አዲስ የመጣ ጨዋታ» ብላ ስትከለክለው እናገኘዋለን። መጀመሪያ እያንዳንዱ ካርታ በእጅ የሚሳል ስለነበረ የባለጸጋ ዕቃ ሊሆን ይገባው ነበር፤ ነገር ግን ሃያ ዓመት ያህል ብቻ እንዳለፈ፣ በ1397 የፓሪስ አስተዳደር ሠራተኞች በሥራ ቀን ካርታ፣ ኳስና ዳይስ እንዳይጫወቱ ሲያዝ፣ ካርታ ወደ ሠራተኛው እጅ መድረሱን ይነግረናል። በ15ኛው ክፍለ ዘመን በእንጨት ቅርጽ ማተም ሲስፋፋ ዋጋው ይበልጥ ወረደ፤ በ1441 የቬኒስ ካርታ ሠሪዎች ከውጭ የሚገባ የታተመ ካርታ ገበያቸውን እንዳጠፋው አቤት ብለው ከተማቸው የውጩን እንድትከለክል አደረጉ።

ከሁሉ ይልቅ ገንዘብ የማይጠይቀውና የማይከለከለው የሰሌዳ ጨዋታ ነበር። በእንግሊዝ የካንተርበሪ፣ የግሎስተር፣ የኖርዊችና የሶልዝበሪ ካቴድራሎች ውስጥ፣ መነኮሳትና አገልጋዮች ይቀመጡባቸው በነበሩ የድንጋይ ወንበሮች ላይ ተጭሮ የቀረ አንድ ንድፍ ይታያል፤ አንዱ በሌላው ውስጥ የተሣለ ሦስት አራት ማዕዘን ነው፤ የየጎኑ መካከል በመሥመር ይገናኛል፤ ማዕዘኖቹና መገናኛዎቹ ሲቆጠሩ 24 ነጥብ ይሆናሉ። ሁለት ሰዎች ዘጠኝ ዘጠኝ ጠጠር ይይዛሉ፤ በየተራ አንድ አንድ እያደረጉ በነጥቦቹ ላይ ያስቀምጣሉ። በአንድ መሥመር ላይ ሦስት ጠጠሩን ያሰለፈ ሰው ከባላጋራው አንድ ጠጠር ያነሣል። ጠጠሮቹ ተቀምጠው ሲያልቁ ደግሞ በየተራ ወደ ጎረቤት ባዶ ነጥብ እያንቀሳቀሱ አዲስ ሦስት ለመሥራት ይሞክራሉ። ብልኃቱ አንዱን ጠጠር ወደ ውጭና ወደ ውስጥ በማመላለስ ብቻ በየሁለት ተራው ሦስት የሚሞላበትን አሰላለፍ ማግኘት ነው፤ ያን ያገኘ ሰው ባላጋራው ካልዘጋበት ጨዋታውን ጨረሰው። ሁለት ጠጠር ብቻ የቀረው፣ ወይም መንቀሳቀሻ ያጣ ይሸነፋል። ይህ ጨዋታ በእረኞች ሜዳ ላይ በሣር ተቆርጦ፣ በካስቲል ንጉሥ በአልፎንሶ 10ኛ ትእዛዝ በ1283 በተጠናቀቀው ያጌጠ የጨዋታ መጽሐፍ ውስጥም ተሥሎ ይገኛል፤ ንጉሥና እረኛ በእኩል ከተጫወቷቸው ጥቂት ጨዋታዎች አንዱ ነው።

ሴቶችን በሚመለከት ምንጮቹ ስስታም ናቸው፤ ቢሆንም ከዳግም ትንሣኤ ማግስት ባሉት ሰኞና ማክሰኞ የሚደረግ አንድ ልማድ በደንብ ተመዝግቧል። በአንደኛው ቀን ሴቶች መንገድ ላይ ገመድ ዘርግተው ወንዶችን ይይዛሉ፣ ያስራሉ፤ ወንዱ የሚለቀቀው ገንዘብ ሲከፍል ነው። በሌላው ቀን ተራው የወንዶች ነው። ገንዘቡ ለደብሩ ስለሚገባ በደብር ሒሳብ መዝገብ ላይ ይጻፋል፤ በብዙዎቹም ሴቶቹ የሰበሰቡት ከወንዶቹ ይበልጣል። የዎርሰተሩ ጳጳስ በ1450 ልማዱን አሳፋሪ ብሎ ለማስቆም ደብዳቤ ጻፈ፤ የደብሮቹ ሒሳብ ግን ገቢውን መመዝገቡን ቀጠለ።

የልጆች መጫወቻ በአብዛኛው ከእንጨት፣ ከጨርቅና ከሸክላ ስለሚሠራ በስብሶ ጠፍቷል። ከለንደን የወንዝ ዳርቻ ግን ከቆርቆሮ ቅይጥ የተሠሩ ትናንሽ ድስቶች፣ ማሰሮዎችና ሳህኖች፣ እንዲሁም በ1300 አካባቢ የተሠራ ባለፈረስ ወታደር ተገኝተዋል። በቅርጽ ማውጫ እየፈሰሱ በብዛት የተሠሩ ስለሆኑ ዋጋቸው ርካሽ ነበር፤ የጥበበኛ ልጅም ሊኖረው ይችላል። የመካከለኛው ዘመን ሰው ልጅነትን አያውቅም፣ ልጁን እንደ ትንሽ ትልቅ ሰው ያያል የሚለው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ገንኖ የነበረ አስተያየት በእነዚህ ዕቃዎች ፊት ብዙ አይቆምም። የፍሌሚሹ ሠዓሊ ፒተር ብሩጌል በ1560 ከ200 በላይ ልጆችን በአንድ አደባባይ ሲጫወቱ ሥሏል፤ ዓይን ሸፍኖ መፈለግ፣ በበግ ቁርጭምጭሚት ቅልብልቦሽ፣ የበርሜል ቀለበት ማሽከርከር፣ ጀርባ ለጀርባ መዝለል ሁሉ አሉበት። ሥዕሉ ከመካከለኛው ዘመን ማብቂያ በኋላ ቢሆንም፣ ብዙዎቹ ጨዋታዎች ከእሱ ሁለት መቶ ዓመት በፊት በተጻፉ የብራና መጻሕፍት ኅዳግ ላይ ተሥለው ይታያሉ። ጭካኔውም አልተደበቀም፤ አውራ ዶሮ አስሮ እስኪሞት በዱላ መወርወር ለልጅም ለአዋቂም የቅበላ መዝናኛ ነበር፣ ድብን በሰንሰለት አስሮ በውሻ ማስነከስም ሕዝብን ይሰበስባል።

ክልከላው ወደ 16ኛው ክፍለ ዘመን ሲሻገር ማን ምን እንደሚፈልግ ይበልጥ ግልጽ ሆነ። በ1541 ሄንሪ 8ኛ ያወጣው ሕግ የተነሣው የቀስት ሠሪዎች፣ የፍላጻ ሠሪዎችና የቀስት አውታር ሠሪዎች ባቀረቡት አቤቱታ ነው፤ ሕዝቡ አዳዲስ ጨዋታ እየፈለሰፈ ቀስት መግዛት ስለተወ ሥራችን ሊጠፋ ነው አሉ። ሕጉም የእጅ ጥበበኛ፣ ገበሬ፣ የሙያ ተማሪ፣ የቀን ሠራተኛና አገልጋይ ቴኒስ፣ ዳይስ፣ ካርታና የኳስ ማንከባለል ጨዋታ እንዳይጫወቱ ከልክሎ፣ የገና ሰሞንን ብቻ ተወላቸው፤ ያውም በጌታቸው ቤት ወይም በጌታቸው ፊት። ከመሬቱ በዓመት 100 ፓውንድ ገቢ ያለው ሰው ግን በግቢው ውስጥ ለቤተሰቡና ለሎሌዎቹ የፈለገውን ጨዋታ መፍቀድ ይችላል።